ሞዲፋይ የሆነች ዲኤክስ ልትሸጡ ነው? መጀመሪያ ሊብሬውን ክፈቱ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ የስፖርት መኪና ስንል ፌራሪ ማለታችን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ዲኤክስ ማለታችን ነው። ሞላዋ ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ ቸርኬ ገብቶላት፣ ማርሚታዋ ተቀይሮ ከሩቅ በድምፅ የምትለየዋ ቶዮታ ኮሮላ። እሷን ያለ ደላላ ራሳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡን።

40 ዓመት የሞላት መኪና እስካሁን ገዢ የማታጣው በምክንያት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ዲኤክስ ምትክ የላትም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ትውልድ በኋላ ጎማ ነው የሚነዳው፤ ከ“ኢኒሻል ዲ” የምታውቋት 86ም እንደዚሁ ናት። ልጆቹ የሚወዷት ለዚህ ነው።

ግን እውነቱን እንንገራችሁ፦ ለማሳመር ያወጣችሁት ብር ሙሉውን አይመለስም። ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳችሁ የገዛችሁት ቸርኬ ለእናንተ ጌጥ ነው፣ ለገዢው ግን ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የፋብሪካውን ሞላና ቸርኬ ካልጣላችሁት ከመኪናዋ ጋር አቅርቡት፤ ወይም ማሳመሪያውን ፈታችሁ ለብቻው ሽጡት። የተቆረጠ ሞላ ካለ ደግሞ አትደብቁ፣ ጋራዥ የሚያውቅ ገዢ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ትልቁ ጣጣ ሊብሬው ላይ ነው። ሊብሬ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥርና ቀለም ይዟል። ሞተር አስቀይራችሁ ወይም ቀለም አስቀብታችሁ ካላስመዘገባችሁ፣ ስም ሲዛወር መርማሪው ቁጥሩን ሲያመሳክር ነገሩ ይቆማል። የተሰረቀ ሞተር ነው ወይ የሚል ጥያቄም ሊነሳ ይችላል። የገባው ሞተር የተገዛበት ደረሰኝና ሰነድ ካላችሁ ማስታወቂያ ከመልቀቃችሁ በፊት ለውጡን አስመዝግቡ። ሰነድ የሌለው ሞተር ያላት መኪና የቱንም ያህል ብታምር ዋጋዋ ይወርዳል፣ በእኛ እይታ መውረድም አለበት።

ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው ቁልፉን ብቻ ሰጥታችሁ አትላኩት። መንጃ ፈቃዱን እዩ፣ አብራችሁም ውጡ። ብር ሲገባ ደግሞ የሚላክላችሁን ኤስኤምኤስ አትመኑ፤ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ውክልናው እንምጣ። ብዙ ሰው “ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ ውክልና ስጠኝ” ይላል። ገዢው መልሶ ሊሸጣት ካሰበ ይመቸዋል፣ ለሻጩ ግን አደጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ሊብሬው በስማችሁ እስካለ ድረስ ያች በፍጥነት የምትታወቅ ዲኤክስ ሰው ብትገጭ የሚፈለገው እናንተ ናችሁ። ሸጫለሁ ብላችሁ መከራከር ይኖርባችኋል። ስለዚህ ውሉን ሰነድ በሚያረጋግጠው ጽ/ቤት ተፈራረሙ፣ ስሙም ወዲያው ይዛወር። ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ፊርማ፣ ያላገባችሁ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ቀድማችሁ አዘጋጁ። እዳና እገዳ አለመኖሩንም አጣሩ።

ታርጋዋ የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሏ ያለው እዚያው ነው፤ ጉዞውን ማን እንደሚከፍል ከዋጋው ጋር አብራችሁ ጨርሱ።

መስቀል ሲደርስ ደግሞ የአዲስ አበባው ልጅ ሁሉ አገር ቤት ይገባል፣ ገዢም ይበዛል። ክትፎው ላይ ተስማምታችሁ ብር ተቀብላችሁ ቁልፍ ልትሰጡ ትችላላችሁ፣ ያን ቀን ግን ቢሮ ዝግ ነው። በዚህ ጊዜ ቀብድ ብቻ ተቀበሉ፣ እሱንም በጽሑፍ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ሕጉ ቀብዱን እጥፍ አድርጋችሁ እንድትመልሱ ስለሚል ቆርጣችሁ ካልሆነ አትያዙት። መኪናዋ ቢሮ እስኪከፈት ግቢያችሁ ትደር፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ይቆይ።