የተጠበቀ ግንኙነትን መልሶ መጠቀም ጊዜ ቢቆጥብም ጥንቃቄ ይጠይቃል

ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት ምስጢራዊ መረጃ ከመለዋወጣቸው በፊት ማንነት አረጋግጠው በጋራ ቁልፍ ይስማማሉ። ይህ ሂደት እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ቲኤልኤስ 1.2 የተሰኘ የግንኙነት ደንብ መሠረት 2 ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥርም መዘግየቱ ይጎላል።

መዘግየቱን ለማቃለል አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ለደንበኛው ኮምፒዩተር የተመሰጠረ «ትኬት» ይሰጣል። ደንበኛው በተመለሰ ጊዜ ትኬቱን አቅርቦ በ1 ምልልስ ብቻ ግንኙነቱን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 የትኬቱን ዕድሜ ቢበዛ በ7 ቀናት ገድቦ፣ ትኬት የያዘ ደንበኛ ምልልስ ሳይጠብቅ መልእክት እንዲልክም ፈቅዷል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን የጠለፈ ወገን ምስጢሩን መፍታት ባይችል እንኳ ደግሞ ሊልከው ስለሚችል፣ መከላከያ ባልተበጀለት ሥርዓት አንድ የክፍያ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። በመሆኑም ይህ አቋራጭ መረጃ ለማንበብ እንጂ ገንዘብ ለማስተላለፍም ሆነ መዝገብ ለመለወጥ ሊውል አይገባም።