በመተማ መንገድ የተገኘ መስቀል

ከእንግሊዝ መንግሥት የጦር ሜዳ ኒሻኖች ሁሉ በክብር የሚልቀው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በክሪሚያ ጦርነት ፍጻሜ በ1848 ዓ.ም. የመሠረቱት የቪክቶሪያ መስቀል ነው። ማዕድኑ ነሐስ፣ ጥብጣቡ ቀይ ሲሆን፣ በገጹ ላይ ዘውድና አንበሳ፣ ከሥራቸውም ለጀግንነት የተሰጠ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሕፈት ተቀርጾበታል፤ የተሸላሚው ስም በማንጠልጠያው፣ ገድሉ የተፈጸመበት ዕለት ደግሞ በመስቀሉ ጀርባ ይጻፋል። ወርቅም ብርም የሌለበት ይህ ትንሽ ነሐስ ይህን ያህል መከበሩ፣ ትውልድና ማዕርግ ሳይለይ፣ በጠላት ፊት ለነፍሱ ላልሳሳ ወታደር ስለሚሰጥ ነው፤ ለሕንድ ጦር ተወላጆች ግን የተፈቀደው በ1904 ዓ.ም. ብቻ ነበር።

ይህ ኒሻን በኢትዮጵያ ምድር በተፈጸመ ገድል ከተሰጣቸው ጀግኖች አንዱ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ናቸው። ጥቅምት 4 ቀን 1911 ዓ.ም. በሕንድ አገር በጎራክፑር ተወልደው፣ በዴህራዱን የጦር አካዳሚ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ በቦምቤይ የመሐንዲስ ጦር ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ሆኑ።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው በገቡ በ11ኛው ቀን፣ ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት፣ የኢጣልያ ጦር መተማን ለቆ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሲያፈገፍግ፣ ተከታዩን የእንግሊዝ ጦር ለማሰናከል ምድሩን በፈንጂ ዘርቶት ሄደ። ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት የነበሩት ባጋት፣ በግንባር ቀደሙ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሆነው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ሳያርፉ፣ በ4 ቀን ውስጥ በ88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቀበሌዎችን ራሳቸው እያገኙ አስጠረጉ። ሁለት ጊዜ የተሳፈሩበት ተሽከርካሪ ፈንጂ ረግጦ ባልንጀሮቻቸው ሲጎዱ፣ በሦስተኛውም ከደፈጣ ተኩስ ሲወርድባቸው ሥራቸውን አላቋረጡም፤ የአንድ ጆሯቸው ታምቡር ተበስቶ፣ ሰውነታቸውም በድካም ዝሎ ሳለ ሌላ ሰው ይተካዎ ቢባሉ፣ ሥራውን ከማንም ይልቅ የለመድሁት እኔ ነኝ በማለት እንቢ አሉ።

በግለት መካከል የሚፈጸም ጀግንነት የአንዲት ሰዓት ነው፤ የትናንቱን ፍንዳታ እያሰቡ በማግሥቱ ማልዶ ወደዚያው መንገድ መመለስ ግን ከትዕግሥት ጋር የተዋሐደ ጽናትን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ባጋት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መስቀሉን የተቀበሉ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን መሆናቸው ይገባቸዋል።

አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰው፣ ከጦሩ ሲሰናበቱም የዳሞዳር ሸለቆን የልማት ድርጅት በሊቀ መንበርነት ሲመሩ ቆይተው፣ ግንቦት 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ መተማን ለልጆቻችን ስናስተምር፣ በ1881 ዓ.ም. በዚያ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ መሥዋዕትነት ቀጥሎ፣ ለነጻነታችን መንገድ የጠረገውን የዚህን ሕንዳዊ መሐንዲስ ድካም ልንነግራቸው ይገባናል።