ቀን ሕፃናት ማቆያ የሚውል ልጅ በሌሊት ጡት የሚያበዛው ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በሁለቱ መካከል የሚቀሩት ሦስት ወራት ለብዙ ቤተሰብ የችግር ጊዜ ናቸው፤ እናት ወደ ሥራ ተመልሳ ልጇ ሕፃናት ማቆያ መዋል ሲጀምር፣ ቀደም ሲል በሌሊት አንዴ ብቻ ይነቃ የነበረው ልጅ ሦስት አራት ጊዜ እየነቃ ጡት ይፈልጋል። ዘመድና ጎረቤትም ወተቷ አንሷል ወይም ልጁ አመል ይዟል ማለታቸው አይቀርም። በአብዛኛው ግን ልጁ የሚያደርገው በቀን የቀረበትን ድርሻ በሌሊት ማካካስ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከወተቱ መጠን መጀመር ይጠቅማል። አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ወር በሆነ 71 ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ሕፃናቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 788 ግራም ወተት እንደሚጠቡ፣ 64 በመቶዎቹም በሌሊት ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ እንደሚጠቡና ይህ የሌሊት ጡት ከዕለቱ ወተት አንድ አምስተኛውን እንደሚሸፍን አሳይቷል። ይህ አማካይ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ወደ 33 ሚሊ ሊትር ስለሚደርስ፣ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሕፃን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚፈልገው ወተት 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን የሚወስደው የወተት መጠን ከመጀመሪያው ወር እስከ ስድስተኛው ብዙም ስለማይጨምር፣ ልጁ ባደገ ቁጥር የጡጦውን መጠን ማሳደግ አስፈላጊ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሕፃን ይህን ድርሻውን በማቆያው አይወስድም። አንዳንዱ ጡጦውን ገፍቶ ረሃቡን ለማስታገስ ያህል ብቻ ይቀምስና አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል፤ እናቱ ስትመጣ ግን ከማታ እስከ ንጋት ደጋግሞ ይጠባል። ክብደቱ በአግባቡ እስከጨመረና ሽንት የነካው ጨርቅ ወይም ዳይፐር በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ እስከተቀየረለት ድረስ ይህ የቀንና የሌሊት መገለባበጥ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ክብደቱ ከቆመ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ግን ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

የሌሊት ጡት ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለወተቱም ዋስትና ነው። ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያዘው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን፣ ማለትም ከአንጎል ሥር ካለች ዕጢ ወደ ደም የሚለቀቅ መልእክተኛ ንጥረ ነገር፣ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር የሚጨምር ሲሆን መጠኑም በሌሊት ከቀን ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ጡት ሞልቶ ሲቆይ የወተት ምርት ይዘገያል፣ ሲጠባ ወይም ሲታለብ ደግሞ ይፋጠናል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳትታለብ የዋለች እናት ሌሊትም ማጥባት ካቋረጠች፣ ሰውነቷ ወተቱ እንደማይፈለግ ቆጥሮ ምርቱን ይቀንሳል። በተለይ ጡቷ በአንድ ጊዜ ብዙ ወተት መያዝ የማይችል እናት ይህን ቶሎ ታየዋለች። የጡት ትልቅነት ወተት የመያዝ አቅሙን በእርግጠኝነት አያሳይምና ማንም ከውጭ አይቶ ሊፈርድ አይገባም። ማቆያ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የሌሊቱን ጡት ለማስተው መጣደፍ ጊዜውን ያልጠበቀ እርምጃ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእንቅልፉ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአዋቂ ሰው እንቅልፍ ከቀላል ወደ ከባድ ሄዶ የሚመለስበት ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ የሕፃን ዙር ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ እንቅልፉ ስለሚሳሳ ለመንቃት ቅርብ ነው። ሜላቶኒን የተባለው ጨለማ ሲመጣ እንቅልፍን የሚጠራ ሆርሞን በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ የቀንና የሌሊት ሥርዓት መያዝ የሚጀምረው በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው፤ ይኸውም የእናቱ ፈቃድ የሚያበቃበት ወቅት መሆኑ ነው። የእናት ወተት በሌሊት ሜላቶኒን ሲኖረው በቀን ግን እምብዛም ስለማይገኝበት፣ ወተቷን አልባ የምታስቀምጥ እናት ዕቃው ላይ ሰዓቱን ጽፋ የቀኑን ለቀን ብታደርገው ተገቢ ይመስላል።

ልጁ ጠግቦ እንዲያድር በሚል ማታ ማታ የጣሳ ወተት ወይም አጥሚት መስጠት በብዙ ቤት አለ። በብሪታንያ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ዕድሜ ያላቸው ልጆች ባሏቸው 715 እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን፣ ጡት በሚጠቡና የጣሳ ወተት በሚወስዱ ልጆች መካከል በሌሊት መንቃት ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ በቀን ብዙ የተመገቡት ልጆችም በሌሊት የመመገብ ዕድላቸው ቢቀንስም የመንቃት ዕድላቸው አልቀነሰም። እናትም በዚህ ልማድ የምታተርፈው እንቅልፍ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በምሽትና በሌሊት ጡት የሚጠቡ የሦስት ወር ሕፃናት ወላጆች ልጆቻቸው የጣሳ ወተት ከሚወስዱት ይልቅ በአማካይ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ የበለጠ ተኝተው ተገኝተዋል።

የሌሊቱን ድካም ለማቅለል የሚሻለው መንገድ የቀኑን ድርሻ ማሳደግ ነው። በሥራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲፈለግም ዕቃው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለብ ይደረጋል እንጂ ወተቱ አይፈላም። ጡጦ እምቢ ላለ ሕፃን፣ ወይም ጡጦን በንጽሕና መያዝ ለሚያስቸግርበት ቦታ፣ ንጹሕ ሲኒ ይበቃል፤ ሞግዚቷ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ታቅፈውና የሲኒውን ከንፈር በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፋ ወተቱ አፉን እስኪነካ ድረስ ብቻ ታዘነብለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል እንጂ አይጋትም፣ አፉም ውስጥ አይንቆረቆርም።

ጡት ማጥባትን እንደ እርግዝና መከላከያ ለያዘች እናት ደግሞ ቀን ከልጇ መለየቷ ሌላም ትርጉም አለው። ዘዴው 98 በመቶ የሚታመነው ልጁ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ የወር አበባዋ ሳይመለስና ልጁ ከጡት ሌላ ሳይቀምስ ነው፤ በአንዱ ማጥባትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜም በቀን ከአራት፣ በሌሊት ከስድስት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከልጇ ተለይታ የምትውል እናት ይህን ስለማታሟላ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ስለ ሌላ መከላከያ የጤና ባለሙያ ማማከር አለባት።

ወደ ቀኑ ድርሻ ስንመለስ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። እናት በሻይ ሰዓትና በምሳ ሰዓት ወደ ማቆያው ብቅ ብላ ሁለት ጊዜ ብታጠባ፣ ከ300ው ሚሊ ሊትር አብዛኛው ያለ ጡጦና ያለ ማቀዝቀዣ በቀን ሊሸፈን ይችላል፤ ማቆያው ከሥራ ቦታዋ ርቆ ከሆነ ግን ያው ወተት ተመልሶ የሌሊት ሥራ ይሆንባታል።