በባቡር ወርዶ ከበሩ መለስ ማለት፦ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ትኬት ላልቆረጠ ጎብኚ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለጊዜው ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ሰው ወደ መዝናኛ ፓርክ የሚሄደው ሊገባ ነው። እስከ ደጃፉ ተጉዞ፣ ሳይገባ ዞሮ የሚመለሰው ሰው ግን ምን ሊያይ ይሄዳል? የእኔ መልስ፣ ከገባው ሰው የማያንስ፣ ለከተማ ጥናት ተማሪ ደግሞ የሚበልጥ ነገር ያያል የሚል ነው። ለዚህም ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ዲዝኒላንድ ፓሪስን በምሳሌነት እወስዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ መንገዱ። ከፓሪስ መካከል፣ ከሻትሌ-ሌ-ዛል ወይም ከጋር ደ ሊዮን፣ «ኤር ኧ ኤር» በሚባለው የክልሉ ፈጣን ባቡር በኤ መስመር መሳፈር ይበቃል። ጉዞው 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ መስመሩ ከቫንሴን በኋላ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ቧሲ-ሳን-ሌዤ ሲሄድ ሁለተኛው ማርን-ላ-ቫሌ-ሼሲ ላይ ያበቃል። ስለዚህ በመሳፈሪያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሳያነቡ መሳፈር አይገባም። ቀድሞ ለአንድ ጉዞ 5 ዩሮ ገደማ ያስከፍል የነበረው ይህ መንገድ፣ በ2025 መጀመሪያ በክልሉ አንድ ወጥ ታሪፍ ሲታወጅ 2.50 ዩሮ ሆነ። በፓርኩ ቀን ትኬትና በዚህ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ባቡሩ ከምድር ውስጥ ወጥቶ የማርንን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ በግራና በቀኝ የሚታየው ሁሉ የታቀደ ከተማ ነው። ፈረንሳይ በ1960ዎቹ የፓሪስን መጨናነቅ ለማቃለል አዳዲስ ከተሞችን ስትነድፍ፣ ማርን-ላ-ቫሌ በባቡር መስመር ላይ እንደ ዶቃ እንዲሰካ ታስቦ ነበር። ኗዚ-ለ-ግራን ላይ ለሚወርድ ሰው፣ ሪካርዶ ቦፊል የሠራቸው እንደ ቤተ መንግሥት የገዘፉ የመኖሪያ ሕንጻዎች ከጣቢያው ብዙ አይርቁም። መስመሩ በ1980 ቶርሲ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የነበረው በአብዛኛው የእርሻ ማሳ ነበር።

ከቶርሲ እስከ ሼሲ ያለውን ቀሪ ሐዲድ ያስመጣው አንድ ውል ነው። መጋቢት 24 ቀን 1987 የፈረንሳይ መንግሥት፣ የኢል-ደ-ፍራንስ ክልል፣ የሴን-ኤ-ማርን አውራጃ፣ የፓሪስ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅትና የአዲሱ ከተማ ልማት ተቋም በአንድ ወገን፣ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በሌላ ወገን ሆነው ተፈራረሙ። በጠቅላይ ሚኒስትርነት የፈረሙት ዣክ ሺራክ ነበሩ። ውሉ ወደ 1,943 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይመለከታል፤ ይህም የፓሪስ ከተማ አምስተኛ እጅ ያህል ማለት ነው። መንግሥት ሐዲዱን ሊያስቀጥልና መሠረተ ልማቱን ሊያሟላ፣ ኩባንያው ደግሞ ፓርኩን ሊሠራና መሬቱን በየደረጃው እየገዛ ሊያለማ ተስማሙ። ሐዲዱ ሚያዝያ 1 ቀን 1992 ሼሲ ደረሰ። ፓርኩ የተከፈተው ከ11 ቀን በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ መጀመሪያ ባቡሩ፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱ።

(ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 ድሬዳዋ በሜዳው ላይ ተቆረቆረች። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስማችንም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ጣቢያ ከተማ እንደሚወልድ አያቶቻችን አይተዋል።)

በ1994 ሁለተኛው ባቡር ተጨመረ። የፈጣኑ ባቡር የቴ ዤ ቬ ጣቢያ በዚያው ስፍራ በመከፈቱ ከሊል፣ ከሊዮን ወይም ከማርሴ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ፓሪስ ሳይገባ በቀጥታ ሼሲ ይወርዳል፤ የሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያም በዚህ ባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ቢርቅ ነው። ከለንደን በቀጥታ ይመጣ የነበረው ዩሮስታር ግን በ2023 ስለ ቆመ፣ የብሪታንያ መንገደኛ ዛሬ ሊል ላይ ባቡር ይቀይራል። የከተማ ባቡርና የአገር አቋራጭ ባቡር እንዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ፣ ጣቢያው የፓርኩ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰፊ ግዛት መጋጠሚያ ይሆናል። ብዙ ሰዎች እዚህ የሚወርዱት ባቡር ለመቀየር ብቻ ነው፤ የፓርኩንም ሙዚቃ ከሩቅ ሰምተው ያልፋሉ።

እንግዲህ ከጣቢያው ወጣን። ወደ አንድ ወገን ሁለቱ ፓርኮች አሉ፤ ከእነርሱም የአንደኛው የትኬት መግቢያ ሐምራዊ-ሮዝ ቀለም ባለው ታላቅ ሆቴል ሥር ነው። ወደ ሌላው ወገን ዲዝኒ ቪሌጅ የሚባለው የሱቆች፣ የምግብ ቤቶችና የሲኒማ መንገድ ተዘርግቷል፤ ለመግባት ትኬት አይጠየቅም። የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣው ፍራንክ ጌሪ ነበር። በመንገዱ ላይ ያቆማቸው ረጃጅም ዓምዶች ከጊዜ በኋላ ስለ ተነሡ የእጁን ሥራ ዛሬ ለመለየት ዐይን ማሠልጠን ይጠይቃል፤ በእኔ ግምት የጠፋው ከተተካው ይበልጥ ነበር። መንገዱ ሲያበቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገኛል። በሐይቁ ዙሪያ በእግር መዞር በጣም ደስ ይላል፤ እግረ መንገድንም የአሜሪካን የተለያዩ ምድሮች እንዲያስታውሱ የተነደፉ ሆቴሎች በተርታ ይታያሉ። የኒው ዮርኩን ማይክል ግሬቭስ፣ የባሕር ዳርቻውን ሮበርት ስተርን፣ የደን ጎጆውን ፈረንሳዊው አንቷን ግሩምባክ ነደፏቸው። በዘመኑ ስማቸው የገነነ አርክቴክቶችን ሥራ ያለ ክፍያ፣ በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ማየት የሚቻልበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

የንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ መንገድ ክፍት ነው፤ የሕዝብ ግን አይደለም። ሁለቱን ቃላት አዘውትረን እናምታታቸዋለን። ከባቡሩ ስትወርዱ የቆማችሁበት መድረክ የሕዝብ አገልግሎት ነው፤ ማንም ባለ ትኬት መንገደኛ በመብቱ ይቆምበታል። ጥቂት እርምጃ ተራምዳችሁ ቦርሳችሁን ለጥበቃ ፍተሻ ስታቀርቡ ግን የባለ ንብረት ደጃፍ ላይ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ አግዳሚው የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚሰማ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ኩባንያው ነው። መሬቱ ላይ የተሰመረ ምልክት ስለሌለ፣ ልዩነቱን አብዛኛው ጎብኚ ልብ አይለውም። ወደ ፓርኩ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ፈጽሞ አያየውም፤ የሚያየው ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት፣ የሚቸኩልበት የሌለው ሰው ነው። ትኬት አለመቁረጥ ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም ይኸው ነው።

ከሼሲ አንድ ጣቢያ ወደ ኋላ ቫል ደሮፕ አለ። ትልቁ የገበያ ማዕከል በ2000፣ ጣቢያው በ2001 ተከፈቱ። ጥቂት ሺህ ሰዎች ይኖሩባቸው በነበሩ አምስት የገጠር ቀበሌዎች ላይ ዛሬ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ቆሟል። ሕንጻዎቹ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሕንጻዎች አምሳያ ተሠርተዋል፤ ጣሊያናዊው ፒየር ካርሎ ቦንቴምፒ የነደፈው የቶስካና አደባባይም የሉካን ከተማ ሞላላ አደባባይ ያስታውሳል። ኩባንያው በውሉ መሠረት የዚህም ከተማ አልሚ ስለሆነ፣ አንዳንድ አርክቴክቶች ከተማውን የፓርኩ ተቀጥላ አድርገው ይነቅፉታል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በአደባባዩ ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አረጋውያን ገበያ ሲሸምቱ ያየ ሰው፣ ግድግዳው ቢያስመስልም ኑሮው እውነተኛ መሆኑን ይረዳል። በዚሁ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ካምፓስም አለ።

ጊዜ የተረፈው ሰው ከአምስቱ ቀበሌዎች ወደ አንዷ፣ ወደ ኩቭሬ ይሂድ። ዐይነ ስውራን በጣት የሚያነቡትን ፊደል የፈጠረው ሉዊ ብሬል በ1809 የተወለደው በዚህች መንደር ነው። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ ሕፃኑ በአባቱ መሣሪያ ዐይኑን ተጎድቶ ኋላም ሁለቱም ታወሩ። የተወለደበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ዐፅሙ በ1952 ወደ ፓሪስ ፓንቴዎን ሲፈልስ እጆቹ በመንደሯ መቃብር ቀርተዋል። በዓለም ላይ ለዐይን ከተሠሩ ታላላቅ ትርኢቶች አንዱ ካለበት ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ይህ ቤት መገኘቱን፣ ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አላቀደውም።

ለመመለስ ያሰበ ሰው ፓርኩ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢሳፈር ይሻለዋል፤ ከርችቱ በኋላ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ መድረኩ ይጎርፋል፣ ባለ ሁለት ፎቁ ባቡርም ይሞላል። ሼሲ የመስመሩ መነሻ ስለሆነ ቀደም ብሎ የመጣ ሰው መቀመጫ አያጣም፤ በላይኛው ፎቅ በመስኮት በኩል ቢቀመጥ፣ የማርን ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርስ ውኃውን ቁልቁል ያየዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።