የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሕመምና የሶማሌ ተራ ገበያ

በመርካቶ፥ በሶማሌ ተራ፥ ያገለገለ ካምቢዮ በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ ያለውን መኪና ማቆየት ለባለንብረቱ ትልቅ አሳብ ሆኖበታል። ስለዚህ ገዥው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ፥ የገዛ መኪናው ካምቢዮ በእርግጥ መሞቱን ሊያጣራ ይገባዋል።

ሕመሙ ሲጀምር ምልክት አለው። ማርሹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲገባ መኪናው ዘግይቶ ይነሣል፤ ወይም በኃይል ይገፈትራል። በእንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ እንደ ሆነ ግን፥ ዘይት ካልጐደለ በቀር፥ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ማለቃቸው ነው። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ተቸንክሮ የሚቀር መኪና አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ስለሆነ፥ ካምቢዮው ሳይወርድ በኮምፒዩተር ይመርመር።

ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱ ይታይ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው በብዙዎቹ መኪናዎች የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፥ ሳይጠፋ፥ በደልዳላ ሥፍራ ነው። አብዛኛው ዘይት ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራው ተበልቷል፤ አዲስ ዘይት ቢጨመርበት የተበላውን አይመልሰውም። ሻይ በወተት ከመሰለ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል። የዘይቱም ዓይነት ይጠበቅ፤ ቶዮታ «ቲ ፎር» ያለውን በ«ደብልዩ ኤስ» መተካት አይፈቀድም።

በከተማችን የበዛው ቪትዝ፥ እንደ ሥሪት ዘመኑ፥ አንዳንዱ ባለ ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ አንዳንዱም በብረት ቺንጋ የሚሠራው ሲ.ቪ.ቲ. ነው። «የቪትዝ ካምቢዮ ስጠኝ» ብሎ መግዛት እንግዲህ ገንዘብን መጣል ነው። ገዥ የአሮጌውን ካምቢዮ ቁጥር ጽፎ ይሂድ፤ በሚሸጠው ውስጥ የቀረውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠብጥቦ ያሽትት፤ የብረት ቁርጥራጭ ካየ ይተወው። ሻጭም ገጥሞ ለመሞከር የሚበቃ ቀን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ደንበኛ ያተርፋል።

መካኒኮች ሳይቀሩ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቧንቧው ሳይታጠብ የተገዛው ካምቢዮ ከተገጠመ፥ የአሮጌው ብናኝ ተመልሶ ይገባበታል።