ስለ አሮጌ ፒክ አፕ ካምቢዮና ዲፈረንሻል፤ ከመቆሙም በፊት ስለሚሰጠው ምልክት

ዘርና ማዳበሪያ፣ የከብት ክትባትና የሠራተኛ ስንቅ ከወረዳ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣው በብዙ ቦታ በአሮጌ ፒክ አፕ መኪና እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ገበሬው ግን መኪና እስኪጠገን ድረስ ዝናሙን ሊያቆየው አይችልም። በግንቦትና በሰኔ ሊደርስ የሚገባው የበቆሎ ዘር በሐምሌ መጨረሻ ቢደርስ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ በበረዶ ሣጥን የተጫነ ክትባትም መኪናው በመንገድ ሲያድር ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ የአንድ ፒክ አፕ ካምቢዮ በሰኔ ወር ሲሰበር የጠፋው የብረቱ ዋጋ ብቻ አይደለም።

መኪናው ቆመ የሚባልበት ቀን ደግሞ ሕመሙ የጀመረበት ቀን አይደለም። ከሞተር በስተኋላ ያለው ክፍል፣ ይኸውም የሞተሩን ኀይል ተቀብሎ እስከ ጎማው የሚያደርሰው፣ ከመሰበሩ በፊት ሳምንታትንና ወራትን ሙሉ በድምፅ፣ በዘይት ነጠብጣብና በማርሽ እንቢታ ሲናገር ይቆያል። ሹሙ በጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ያንኑ ድምፅ ይሰማዋል፤ ትርጉሙን ስላላወቀው ግን የመንገዱ ኮረኮንች ያመጣው ይመስለዋል። በቅሎ ስታነክስ ወርዶ ኮቴዋን የሚያይ ሰው መኪና ሲያጉረመርም ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ለምሳሌ የሚነሣው ቶዮታ ሃይሉክስ የሚባለው ነው። ይህ ፒክ አፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 መሠራት ጀመረ፤ በአራቱም ጎማ የሚስበው ዐይነት በ1979 ተጨመረ። ከ1988 ጀምሮ ተሠርቶ ወደ ብዙ አገር በተላከው ባለ አራት ጎማ ሳቢ ላይ የፊቱ አክስል እንደ ኋላው አንድ ወጥ ብረት ነው። ጠንካራነቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀጥሎ ከሚነገረው ሕመሙም አንዳንዱ ከዚሁ የመጣ ነው።

ኀይሉ የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ተነሥቶ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከካምቢዮ ወደ አከፋፋዩ ሣጥን ያልፋል፤ ከዚያም በሁለት ረጃጅም ዘንጎች አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይደርሳል፤ ዲፈረንሻሉም ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍለዋል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ የሚሉት ቃሎች ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከጋራዥ ጋራ የሚጻጻፍ ጽሕፈት ቤት ሜካኒኩ በሚያውቀው በዚሁ ስም ቢጽፍ ይሻላል፤ በየደብዳቤው አዲስ ስም መፍጠር ያልተበላሸውን ዕቃ ማስፈታት ያመጣል።

የፍሪሲዮን ማለቅ በዳገት ይታወቃል። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን በጩኸቱ ልክ አይሄድም፤ የመቃጠል ሽታም ይከተላል። ይህን በቆመበት ለመመርመር መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ፣ ሦስተኛ ማርሽ አግብቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ያለቀ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ እየዞረ ይቀራል። ምርመራው አንድ ጊዜ ይበቃል፤ መደጋገሙ ራሱ ዲስኩን ያቃጥላል።

ከዚህ የተለየው ሕመም ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ማርሹ፣ ይልቁንም የኋላ ማርሽ፣ እየተንጫጫ አልገባም ሲል ነው። ያን ጊዜ ካምቢዮ ከማስወረድ አስቀድሞ የፔዳሉን ዘይት ማየት ይገባል። ፍሪሲዮኑ የሚላቀቀው በዘይት ግፊት ነውና፣ ከፔዳሉ አጠገብ ያለው ፓምፕ ወይም ከታች በካምቢዮው ጎን ያለው ትንሹ ፓምፕ ጎማው አልቆ ሲያፈስ ዲስኩ ፈጽሞ አይላቀቅም። ይህን ትንሽ ጎማ መለወጥ ካምቢዮ ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ የሚጨመረው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፤ በመንገድ ቸግሮት የሞተር ዘይት የጨመረ ሹፌር ጎማዎቹን አሳብጦ ሁሉንም ያበላሻል።

ድምፅንም በጆሮ መለየት ይቻላል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚሰማውና ሲረገጥ የሚጠፋው ግን የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ይህ ሁለተኛው ቸል ቢባል የተሰባበረው ብረት ከዘይቱ ጋራ እየዞረ የማርሹን ጥርስ ሁሉ ይበላዋል።

ስለ ካምቢዮው አንድ ነገር በተለይ ሊነገር ይገባል። በብዙ አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የማርሹ እጀታ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል፤ ሦስተኛውን ሲፈልጉ አምስተኛው ይገኛል። ሹሙም ካምቢዮው አልቋል ብሎ አዲስ ለማስገዛት ደብዳቤ ይጽፋል። በእጀታው ታችኛ ጫፍ ግን ኳስ መሳዩን ብረት የሚያቅፍ ትንሽ የፕላስቲክ ማረፊያ አለ፤ እርሱ በዘመን ብዛት ተሰባብሮ ሲያልቅ እጀታው ማርሹን በትክክል መያዝ አይችልም። ማረፊያው የሚለወጠው ከላይ ከጋቢናው ወለል በኩል እጀታውን ነቅሎ ነው። ይህ ሳይታይ ካምቢዮ እንዲፈታ መፍቀድ የመንግሥትን ገንዘብ በከንቱ ማፍሰስ ነው። ማረፊያው ደኅና ሆኖ ማርሹ ሲገባ የሚንጫጫ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ከገባበት ራሱ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ግን ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ሁለቱን ማርሾች ፍጥነታቸውን አስተካክለው የሚያገናኙት የናስ ቀለበቶች ወይም የማርሹ ጥርሶች አልቀዋል ማለት ነውና ያን ጊዜ ካምቢዮው መፈታቱ ተገቢ ነው።

የናሱ ቀለበት የዘይትን ነገር ያመጣል። በገበያ ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የማርሽ ዘይቶች ይገኛሉ። ጂኤል 5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተዘጋጀ ሆኖ የድኝ ቅመም በብዛት አለበት፤ በዚህ ስም ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ናስን ይበላሉ። ስለዚህ ዘይት ሁሉ ዘይት ነው ብሎ ከአንድ በርሜል ለሁሉም መቅዳት አይገባም፤ ለካምቢዮው የመኪናው መጽሐፍ የሚያዝዘውን፣ ለዲፈረንሻሉ ደግሞ ጂኤል 5 ማድረግ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል የሚይዘው ሁለት ሊትር ያህል ነው። ይህን ለማዳን ሲባል የጠፋው ዲፈረንሻል ብዙ ነው።

ዘይቱ ሲታይ መኪናው በሜዳ ይቁም፤ ይቀዝቅዝም። በካምቢዮው ጎን ያለው የመሙያ ቡሎን ተፈትቶ ጣት ሲገባ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ጋራ እኩል መሆን አለበት። ለመለወጥ ሲፈለግም መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን መፍታት፣ ቀጥሎ የማፍሰሻውን ነው። ይህን የገለበጠ ሰው ዘይቱን ሁሉ አፍስሶ ሲያበቃ የመሙያው ቡሎን ዝጎ እንቢ ይለዋል፤ መኪናውም ያለ ዘይት በቦታው ይቀራል። በወጣው ዘይት ውስጥ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብረት ቢገኝ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናው እንደገና መንገድ አይውጣ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል።

ውኃው የሚገባበት መንገድ ለብዙዎች ግልጽ አይደለም። በአክስሉ ላይ ዲፈረንሻሉ የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። መኪናው ብዙ መንገድ ሄዶ ዲፈረንሻሉ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በዚህ ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ መውጫ ስላጣ ዘይቱን በጎማ ቀለበቶቹ በኩል ይገፋዋል፤ ዘይቱም ፍሬኑ ላይ ይፈስሳል። የጋለው መኪና ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየሩ በድንገት ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ከውጭ ውኃ ስቦ ያስገባል። ስለዚህ በክረምት ወንዝ የሚሻገር መኪና መተንፈሻው በየጊዜው ይጠረግ፤ ከጥልቅ ውኃም በወጣ ማግሥት ዘይቱ ይታይ። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ጥቂት ቆሞ ማቀዝቀዝም ይረዳል፤ ወንዙን መጠን ለማየትም ጊዜ ይሰጣል።

በላንድክሩዘር ፒክ አፕ ላይ ደግሞ ሌላ አታላይ ነገር አለ። በካምቢዮውና በአከፋፋዩ ሣጥን መካከል ያለው ዘይት ከልካይ ቀለበት ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳትታይ አንዱ ሣጥን ሞልቶ ይተርፋል፣ ሌላው ይደርቃል። አንዱን ብቻ ያየ ሜካኒክ ዘይቱ ሙሉ ነው ብሎ ይመሰክራል።

በአራት ጎማ ስለ መሳብ ከሹፌሮች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ይታያል። አንደኛው በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን ጎማ አገናኝቶ መሄድ ነው። በዚህ መኪና የፊትና የኋላው ዘንግ ሲገናኙ አንድ ላይ እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ጥምዝ ላይ ግን የፊቱ ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። በጭቃ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሰዋል። በአስፋልት ግን መንሸራተት ስለማይችል ዘንጎቹ እንደ ገመድ ይከረራሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ ማርሹም ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ያን ጊዜ እጀታውን በኀይል ከመጎተት ይልቅ ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ክርሩን ያላላዋል። ሁለተኛው ስሕተት በፊት ጎማዎች መካከል ያለውን መቆለፊያ መርሳት ነው። መቆለፊያው በእጅ በሚዞርበት መኪና ሁለቱም ካልተቆለፉ፣ ወይም አንዱ ብቻ ተቆልፎ ሌላው ከተረሳ፣ በጋቢናው ያለው እጀታ ቢገባም የፊቱ ጎማ አይስብም። ሹፌሩ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ይልካል።

ረጃጅሞቹ ዘንጎች ብዙ ነገር አይጠይቁም። በየጫፋቸው ያሉት ክሮቼራዎች ግራሶ ካላገኙ በመጀመሪያ እንደ ወፍ ይጮኻሉ፣ ቀጥሎ መኪናው ሲነሣ ቋ ይላሉ፣ በመጨረሻ ይበጠሳሉ። ዘንጉ ሲፈታ ሜካኒኩ በቀለም ምልክት አድርጎ በነበረበት አኳኋን እንዲመልሰው ይታዘዝ፤ ተዛብቶ የገባ ዘንግ መኪናውን ያንቀጠቅጣል።

የዲፈረንሻል ሕመም ከጎማ ኩሽኔታ ጋራ ስለሚምታታ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ነዳጅ ሲሰጡት የሚያለቅስ፣ እግር ሲነሣለት ድምፁ የሚለወጥ ዲፈረንሻሉ ነው። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጨምርና የሚቀንስ ጉርምርምታ ግን የጎማ ኩሽኔታ ነው። በፊት አክስል በኩል መሪው በሚታጠፍበት ክብ ብረት ዙሪያ የቀጠነ ጥቁር ሾርባ የሚመስል ነገር ሲፈስ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ቀለበቱን አልፎ ከግራሶው ጋራ ተቀላቅሏል። ይህን ከላይ መጥረግ ጥገና አይባልም።

ያለቀ ዲፈረንሻል ከአሮጌ መኪና ተፈትቶ በተወሰደ ሲተካ አንድ ወጥመድ አለ። ሁሉም ሃይሉክስ አንድ ዐይነት የጥርስ ቁጥር የለውም። በአንዱ ትልቁ ማርሽ 41 ጥርስ፣ ትንሹ 10 ጥርስ አለው፤ በሌላው ትልቁ ያው 41 ሆኖ ትንሹ 9 ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። የፊቱ ከአንዱ፣ የኋላው ከሌላው ከሆነ ግን የፊትና የኋላ ጎማ በአንድ ፍጥነት መዞር አይችሉም፤ መኪናው በሁለት ጎማ ሲሄድ ምንም አይታይበትም፣ አራቱ የተገናኙ ቀን ግን አንዱን ይሰብራል። ግዢውን የሚፈርም ሹም ጥርሱ ተቆጥሮ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ቢያዝዝ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ስለ ጭነት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ይህ ፒክ አፕ የአንድ ቶን ያህል መኪና ነው፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ 20 ሲጫን ሞልቷል፤ በጆንያው ላይ ሰው ማሳፈር ትርፍ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ይወረዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ፍሬኑን ያቃጥላል፤ በመካከል ደንግጦ ማርሽ ለማስገባት የሚደረገው ትግልም የናሱን ቀለበት ይሰብራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን መኪና የሚያጠፋው የሹፌር ዝምታ ነው። ሹፌር ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚለው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም። «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ተብሎ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል፤ ስለዚህ ሕመሙ በሌላ ሹፌር እጅ እስኪፈነዳ ድረስ ይደብቀዋል። የነገረውን የሚቀጣ ሹም ከእንግዲህ የሚነግረው አያገኝም። በጋቢናው አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ሹፌሩም ቀኑን፣ የተሄደውን ኪሎ ሜትር፣ ድምፁ በስንተኛ ማርሽ፣ በዳገት ወይስ በቁልቁለት እንደ ተሰማ ይጻፍ። በደብተሩ የተጻፈ ሕመም ቅጣት እንደማያስከትል፣ የተደበቀው ግን እንደሚያስጠይቅ በግልጽ ይነገረው። ሜካኒኩም መኪናውን ከማንሣቱ በፊት ደብተሩን ያንብብ። ይህ ከሚያዝያ በፊት ከተጀመረ፣ አራቱ የዘይት ሣጥኖች፣ ይኸውም ካምቢዮው፣ አከፋፋዩና ሁለቱ ዲፈረንሻሎች፣ ዘሩ ከመጫኑ በፊት ተከፍተው ለመታየት ጊዜ ይኖራቸዋል፤ ከአዲስ አበባ መምጣት ያለበት ዕቃም መንገዱ ሳይጨቀይ ይደርሳል።