ድፎ ዳቦ፦ ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት

በጎንደር ደጋ ዓመት በዓል ሲቃረብ ከጠላው ጥንስስ ጎን ለጎን የሚታሰበው ድፎ ዳቦ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የጭልጋዋ አይከልም ልማዱ ይኸው ነው። እንቁጣጣሹም፣ ጥምቀቱም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም ያለ ዳቦ አይሞላም።

ስንዴው ተለቅሞ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ተነፍቶ በእርሾ ይቦካል። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል። ሊጡ በደንብ ታሽቶ ኩፍ እስኪል ይቆያል። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የግድ ስለማያስፈልገው ለጾምም ይሆናል። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ይውላል፤ ሆኖም ቤተሰቡ ጾሙን ሳይገድፍ ዳቦውን ይቆርሳል፤ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚዞሩ ልጆችም ሙልሙል ይደርሳቸዋል።

የድፎ መዓዛ ግማሹ ከኮባው ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ኮባ፣ ማለትም እንሰት፣ ቆጮና ቡላ የሚገኝበት የዕለት ምግብ ነው፤ በጎንደር ጓሮ ግን በብዛት የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል፤ በጎንደርም አምሮ እንደሚያድግ ጽፏል።

ጋጋሪዋ የቅጠሉን ወፍራም አገዳ ታነሳና እንዳይቀደድ እሳት ላይ ጠውለግ ታደርገዋለች። ምጣዱ ላይ ደራርባ ታነጥፈዋለች፤ ሊጡን ትደፋበታለች፤ ላዩንም በኮባ ትሸፍናለች። ከዚያ የብረት ክዳን ደፍታ ፍም ትጭንበታለች። ከታች ያለው እሳት ከበረታ ቂጡ ያራል፤ የላዩ ከሰነፈ ልቡ ሊጥ ይቀራል። መብሰሉን ለማወቅ ስንጥር ትሰካለች፤ ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ደርሷል። ሲወጣ የኮባው ጅማት መስመር በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይታያል።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም የፒካን ፓይ ለምስጋና ቀን ገበታ ድፎ ለእኛ በዓል ያለውን ዓይነት ቦታ አለው። ፒካን በዚያው አገር በወንዝ ዳር በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ2013 ፓዩን የግዛቷ ይፋዊ ፓይ አድርጋ መርጣዋለች። የበዓል ምግብ የአገር መታወቂያ የሚሆነው በደጅ ከሚበቅለው ነገር ሲሠራ ነው። ለእኛ ይህ ነገር ኮባ ነው።

ድፎ ለአንድ ሰው ተብሎ አይጋገርም። ካህን ወይም የቤቱ ታላቅ ባርኮ ይቆርሰዋል፤ ጎረቤትም ድርሻ አለው። ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋግራል፤ ጊዜና ማገዶ ስለሚቆጥብ ነውር የለበትም። ኮባው ግን ሊቀር አይገባም። ጓሮ ያለው ሰው አንድ እግር ኮባ ይትከል፤ ልጆቹንም፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ ጋጋሪዋ አጠገብ ያቁም። ዱቄትና እርሾ በየሱቁ ይገኛል፤ እሳት መመጠን ግን አጠገብ ቆመው እያዩ ካልሆነ አይለመድም።